ቴስላ ሞዴል ዋይ ፐርፎርማንስ፦ ለመብራቱ ሳይሆን ለጎማው ገንዘብ አስቀምጡ

ቴስላ ሞዴል ዋይ ፐርፎርማንስ የሚባለውን የኤሌክትሪክ መኪና ልግዛ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው መብራቱን ነው። "ቆጣሪው አይሮጥም?" "የወር ቢልህ ስንት መጣ?" ጥያቄው አይከፋም፣ ግን ገንዘቡ የሚወጣው በሌላ በኩል ነው። ለመቶ ማይል ስንት ዶላር እንደሚወጣ ቁጭ ብሎ ላሰላው፣ ጎማው ብቻውን ከመብራቱ ይበልጣል። ኢንሹራንስና የዋጋው መውደቅ ደግሞ ሁለቱንም ያስንቃሉ። ስለ ፍጥነቱ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል፤ እኔ የማወራው ስለ ኪስ ነው።

የምነዳው የ2023 ሞዴል ነው። የገዛሁት ያገለገለ ነው፣ ለምን አዲስ እንዳልገዛሁ ወደታች እመጣበታለሁ። የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ስለሆነ ዋጋዎቹን በዚህ አካባቢ ገበያ ውሰዱልኝ።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ መልኩ የቤተሰብ መኪና ነው፣ ጠባዩ ግን ሌላ። ሁለት ሞተር አለው፣ አራቱም ጎማ ይጎትታል፣ ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 60 ማይል ለመድረስ 3.5 ሰከንድ ይበቃዋል፣ ከፍተኛ ፍጥነቱ 155 ማይል ነው። ክብደቱ 2 ቶን ገደማ። ኋላው የልጆች ወንበርም የኮስትኮ ዕቃም ይይዛል። አዲሱ፣ በ2025 መጨረሻ አሜሪካ ገበያ ላይ የወጣው፣ 3.3 ሰከንድ ገብቷል፤ እዚህ የምለው አብዛኛው ግን ለሱም ይሠራል።

ወደ ፍጆታው ልግባ። ኢፒኤ፣ ማለትም የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ፣ ለ2023ቱ ፐርፎርማንስ የሰጠው ቁጥር በመቶ ማይል 30 ኪሎዋት ሰዓት (የቤት ቆጣሪ መብራት የሚለካበት መለኪያ) ነው፤ አንዴ ከሞላ 303 ማይል ይሄዳል ይላል። የዚሁ ሞዴል ዋይ ታናሽ ዓይነት፣ ሎንግ ሬንጅ የሚባለው፣ ደግሞ 28 ኪሎዋት ሰዓትና 330 ማይል። ልብ በሉ፣ ይሄ 30 የሚባለው ቁጥር የሚቆጥረው ከግድግዳው ሶኬት የወጣውን ነው፤ ቻርጅ ሲደረግ በሙቀት የሚባክነውም ውስጡ አለ። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ከዚህ ያንሳል፣ ምክንያቱም እሱ የሚቆጥረው ስትነዱ ከባትሪው የወጣውን ብቻ ነው። አንዳንዱ የስክሪኑን ፎቶ ይለጥፍና "ይኸው 26 ብቻ በላ" ይላል። ቢሉን የሚልከው ግን ስክሪኑ ሳይሆን መብራት ኃይሉ ነው።

እኔን የገረመኝ በፐርፎርማንሱና በሎንግ ሬንጁ መካከል ያለው ልዩነት ማነሱ ነው። ቤንዚን ላይ ኃይለኛ ሞተር ማለት ሆዳም ሞተር ማለት ነው፤ ትራፊክ መብራት ላይ ቆሞም፣ ሠፈር ውስጥ እየተንፏቀቀም ይጠጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር እንዲህ አይደለም። ቀስ ብላችሁ ከነዳችሁት ጉልበቱ በዛም አነሰም የሚወስደው ተቀራራቢ ነው፣ ቆሞ ሲጠብቅ ሞተሩ ምንም አይወስድም፣ እግራችሁን ከፔዳሉ ስታነሱ ደግሞ ራሱ ጄነሬተር ሆኖ የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ሁለቱ መኪኖች ባትሪያቸው አንድ ነው፤ ሞተራቸውም ብዙ አይራራቅም። ቴስላ ራሱ ለሎንግ ሬንጅ ባለቤቶች በ2,000 ዶላር፣ በሶፍትዌር ብቻ፣ ከ4.8 ሰከንድ ወደ 4.2 የሚያወርድ ማሻሻያ ሲሸጥ ኖሯል።

ታዲያ ያቺ 2 ኪሎዋት ሰዓት ከየት መጣች? በአብዛኛው ከጎማው። ባለ21 ኢንች ቸርኬ፣ የፊቱ 255፣ የኋላው 275 ሚሊሜትር ስፋት፣ አስፋልቱ ላይ ሙጭጭ የሚል ጎማ። ሙጭጭ ማለቱ ለኩርባና ለፍሬን ጥሩ ነው፣ ለመንከባለል ግን ጉልበት ይፈጃል።

አሁን በዶላር እናውራ። ኪሎዋት ሰዓቱን 16 ሳንቲም ብንይዝ፣ ቤቱ ቻርጅ ለሚያደርግ ሰው መቶ ማይል 4 ዶላር ከ80 ሳንቲም ነው። በዓመት 12,000 ማይል ለሚነዳ 576 ዶላር። በፍጥነት የሚስተካከለውን የቤንዚን መኪና፣ ለምሳሌ ቢኤምደብልዩ ኤክስ3 ኤምን፣ ብትወስዱ በጋሎን 16 ወይም 17 ማይል ነው የሚሄደው፣ የሚጠጣውም ፕሪሚየም ነው። ፕሪሚየሙን 4 ዶላር ከ10 ብንለው መቶ ማይል 25 ዶላር ገደማ ይመጣል። አምስት እጥፍ ማለት ነው። በዚህ ሚዛን ካያችሁት ቴስላው ነጻ ነው ማለት ይቻላል።

ግን ማናችን ነን ኤክስ3 ኤም ነድተን የምናውቀው? አብዛኛው ሰው የሚያወዳድረው ጓደኛው ከሚነዳው ቶዮታ ጋር ነው። ራቭ4 ሃይብሪድ በጋሎን 40 ማይል ይሄዳል። ቤንዚኑን 3 ዶላር ከ20 ካልነው መቶ ማይል 8 ዶላር ነው። ከ4.80 አንጻር አሁንም ቴስላው ያሸንፋል፣ ልዩነቱ ግን ሰው እንደሚያወራው አይደለም፤ በዓመት 384 ዶላር። ከዚህ ላይ ቨርጂኒያ ነዳጅ ስለማትገዙ ብላ በየዓመቱ የምትቆርጠውን ከ100 ዶላር በላይ የመንገድ መጠቀሚያ ክፍያ ቀንሱ። ሜሪላንድም ከጁላይ 2024 ጀምሮ በዓመት 125 ዶላር ትጠይቃለች።

ይሄ ሁሉ ደግሞ ቤቱ ሶኬት ላለው ነው። አሌክሳንድሪያ ወይ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ውስጥ ለሚኖር ወገን ሒሳቡ ይገለበጣል። ፈጣን ቻርጀር ላይ ኪሎዋት ሰዓቱ እንደ ቦታውና እንደ ሰዓቱ 35፣ 45፣ አንዳንዴም ከ50 ሳንቲም በላይ ነው። 45 ብንይዝ መቶ ማይል 13 ዶላር ገደማ ይሆናል። ከራቭ4 ሃይብሪዱ በላይ ማለት ነው! ይህን ስናገር ብዙ ሰው አያምነኝም፣ "ኤሌክትሪክ አይደለም እንዴ?" ይለኛል። ኤሌክትሪክ ነው፣ ግን በችርቻሮ የተገዛ ኤሌክትሪክ ነው። ጊዜውም አለ፦ ባትሪው እየሞላ ሲሄድ ቻርጁ ይቀዘቅዛል፣ ከ80 በመቶ በላይ ያለችውን መጠበቅ ትዕግሥት ይጨርሳል፣ ሞልቶ ሳታነሱት ከቆያችሁ ደግሞ ጣቢያው ሙሉ ከሆነ በደቂቃ እስከ 1 ዶላር የመቆሚያ ቅጣት ይቆጥራል። ስለዚህ አፓርታማ የምትኖሩ ከሆነ መኪናውን ከማየታችሁ በፊት ሕንፃው ውስጥ ወይም ሥራ ቦታ ቻርጀር መኖሩን፣ ካለም ስንት እንደሚያስከፍል ጠይቁ። ከሌለ ይሄ መኪና የቁጠባ መኪና አይደለም፤ ለደስታ ከሆነ የምትገዙት ሌላ ነገር ነው።

ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ፣ ቤታችሁም ቢሆን ከ30 ሳንቲም በላይ የምትከፍሉ ብዙ ናችሁ። በዚያ ዋጋ መቶ ማይሉ 9 ዶላር ይገባል። የሌሊት ታሪፍ ካልተመዘገባችሁ ነገሩ ይብሳል።

ቤት ስላለው ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎች 240 ቮልት መስመር ካልተዘረጋ አይሆንም ብለው ይፈራሉ። ተራው የአሜሪካ ሶኬት በሰዓት 3 ወይም 4 ማይል ይሞላል፣ ሌሊቱን ሙሉ ከተሰካ 35 ወይም 40 ማይል ማለት ነው፣ ለቢሮ ሠራተኛ ይበቃል። ችግሩ ብክነቱ ነው፤ ቻርጅ በሚደረግባቸው ረጅም ሰዓታት የመኪናው ኮምፒውተሮች ነቅተው ስለሚቆዩ ከምትገዙት መብራት የተወሰነው እዚያው ይቀራል። ብዙ የምትነዱ ከሆነ የ240ው መስመር ያዋጣል። ዋጋው ግን ከጥቂት መቶ ዶላር እስከ 2,000 ድረስ ይሄዳል፣ የቤቱ የመብራት ሳጥን አሮጌ ከሆነም ከዚያ ያልፋል። ኤሌክትሪሺያን ሁለት ሦስት አነጋግሩ። የሚጠሩት ዋጋ አይገናኝም።

መንገድ ላይ ምን ይመስላል? ከተማ ውስጥ የተባለውን ቁጥር ያመጣል፣ አንዳንዴም ያሻሽለዋል። ሃይዌይ ላይ ግን አየር አለ። የአየር ግፊቱ በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው፤ ከ65 ወደ 80 ማይል ስታሳድጉ አየሩን ለመሰንጠቅ የሚጠይቀው ኃይል በግማሽ ይጨምራል። ስለዚህ በ75 ማይል የምትሄዱ ከሆነ 303ቱን እርሱትና ከሙሉ ባትሪ 230 ገደማ አስቡ። መንገድ ላይ ደግሞ ማንም ከ100 እስከ ዜሮ አይነዳም፣ ከ80 እስከ 10 ነው፣ ያ ማለት በየ160 ማይሉ ማቆም ነው። በጁላይ 4 ሰሞን ለኢትዮጵያውያኑ የኳስ በዓል ከከተማ ከተማ የምትነዱ፣ ሒሳባችሁን በዚህ ያዙ። እውነት ለመናገር ከልጆች ጋር ሲሆን ማቆሙ አይከፋም፤ እነሱ ከመኪናው ቀድመው ነው የሚያልቁት።

ብርዱ ሌላ ነው። ከበረዶ ነጥብ በታች ሲወርድ ከአምስት አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ከርቀቱ ይሄዳል። ሞዴል ዋይ ከመነሻው ሂት ፓምፕ፣ ማለትም ከውጭው አየር ሙቀት ስቦ የሚያሞቅ መሣሪያ፣ ያለው መኪና ስለሆነ ከብዙዎቹ ይሻላል፣ ግን ተአምር አይሠራም። በተለይ አጫጭር ጉዞ ይጎዳዋል፦ ባትሪውንም ክፍሉንም አሙቆ ሳይጨርስ ትደርሳላችሁ፣ ቆሞ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይሞቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ከግድግዳው ሳትነቅሉት በስልክ አሙቁት። ያኔ ማሞቂያው የሚበላው የቤቱን መብራት እንጂ ባትሪውን አይደለም።

የካሜራ ጥበቃውን፣ ሴንትሪ የሚሉትን፣ ቤት በር ላይ አጥፉት። ቆሞ እያለ በሰዓት አንድ ማይል ያህል ይበላል። ቀኑን ሙሉ ሲበራ ቢያንስ 1 ዶላር ነው፣ በወር 30። በር ላይ ካሜራ ካላችሁ ለምን ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ?

አሁን ወደ ጎማው። ከፋብሪካ የሚመጣው የሰመር ጎማ ነው፣ ለሙቀት የተሠራ። ከ45 ፋራናይት በታች ላስቲኩ ይደርቃል፣ መያዙ ይቀንሳል፣ በረዶ ላይ ከናካቴው አይታሰብም። ስለዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖር ሰው ወይ ሁለተኛ ጎማ ወይ ኦል ሲዝን (ለሁሉም ወቅት የሚሆን) ቅያሪ ግዴታ ነው። ይሄን ሻጭ ጮክ ብሎ አይነግራችሁም።

አራቱን ለመቀየር ከነሠራተኛው ከ1,200 እስከ 1,800 ዶላር ያዙ። ዕድሜው ደግሞ አጭር ነው፤ ከ15 እስከ 20 ሺህ ማይል ከሄደ ጥሩ ሄዷል፣ እግሩ ከባድ ለሆነ ሰው ከዚያም በታች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ላስቲኩ ለስላሳ ነው፣ መኪናው 2 ቶን ነው፣ ጉልበቱ ደግሞ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ጎማው ላይ ያርፋል። የሩጫ ጫማ አድርጎ ቀኑን ሙሉ መርካቶ እንደመዋል ነው፣ ሶሉ የት ይደርሳል? በዚያ ላይ የፊቱና የኋላው ስፋት ስለሚለያይ የፊቱን ወደ ኋላ አዛውሮ ዕድሜ ማራዘም አይቻልም። በተራ መኪና በየ6,000 ማይሉ የምናደርጋት ያቺ ዘዴ እዚህ የለችም።

1,500 ዶላር ለ17,500 ማይል ስታካፍሉት መቶ ማይል 8 ዶላር ተኩል ገደማ ነው። መብራቱ 4.80 ነበር። ሁለቱን ደምሩት፣ 13 ዶላር አለፈ። ራቭ4 ሃይብሪዱ ቤንዚኑን፣ ጎማውንና የዘይት ቅያሪውን ደምሮ 10 ዶላር አካባቢ ነው የሚመጣው። ማለትም ቤቱ ቻርጅ የሚያደርግ የፐርፎርማንስ ባለቤት እንኳ በፋብሪካው ጎማ ከሄደ ለቶዮታው ይሸነፋል። በኤሌክትሪክ ያተረፈውን አስፋልት ላይ እየፋቀ ይጥለዋል።

ማምለጫ አለ። ፍሬኑን የሚያልፍ ባለ19 ወይም ባለ20 ኢንች ቸርኬ፣ አራቱም እኩል ስፋት፣ ላዩ ላይ ለኤሌክትሪክ መኪና የተሠራ ኦል ሲዝን ጎማ። ቸርኬው ልክ መሆኑን ጎማ ቤቱ በሞዴሉ አረጋግጦ ይግጠም፤ የዚህ መኪና ፍሬን ከሎንግ ሬንጁ ይተልቃል። እኔ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ጎማው 30 ሺህ ማይል ሊደርስ ይችላል፣ ማዛወርም ይቻላል፣ ወጪው በመቶ ማይል ወደ 3 ዶላር ይወርዳል፣ ፍጆታውም ትንሽ ይቀንሳል፣ የቤልትዌይ (ዋሽንግተንን የሚዞረው አውራ ጎዳና) ጉድጓድ ላይ ቸርኬ የመሰንጠቁ ፍርሃትም ይቀላል። ያጣሁት? ኩርባ ላይ ያ ሙጭጭ ማለቱ ቀንሷል፣ መልኩም ትንሽ ተራ ሆኗል። ሲረግጡት ግን አሁንም ይወነጨፋል። ይሄን ካደረጋችሁ በኋላ በእርግጥም ሃይብሪዱን ያሸንፋል።

ኢንሹራንስ ላይ ብዙ አልልም፣ እንደ ሰውና እንደ ዚፕ ኮድ ይለያያል። ብቻ መኪናውን ከመግዛታችሁ በፊት በሻሲ ቁጥሩ ዋጋ ጠይቁ። ለእኔ ከተለያዩ ኩባንያዎች የመጣው ዋጋ በመቶዎች ዶላር ይራራቅ ነበር፣ አንዱ "ፐርፎርማንስ" የሚለውን ቃል ሲያይ የደነገጠ ይመስላል። ቨርጂኒያ ደግሞ የመኪና ግብር አለ፤ ፌርፋክስ ከመኪናው ዋጋ በየመቶ ዶላሩ ከ4 ዶላር በላይ በየዓመቱ ይጠይቃል። ውድ መኪና ሲሆን ያቺ ብቻዋን የዓመቱን መብራት ትበልጣለች።

ለምን ያገለገለ? በ2022 መጨረሻ የዚህ መኪና አዲስ ዋጋ 69,990 ዶላር ነበር። በጃንዋሪ 2023 ቴስላ በአንድ ቀን ወደ 56,990 አወረደው። ከዚያ ቀደም ብሎ በሙሉ ዋጋ የገዛ ሰው ቁጭ ብሎ 13,000 ዶላር ሲተን አየ። ያ ገንዘብ ለመብራት ቢሆን፣ በዓመት 576 ብላችሁ አካፍሉት፣ ከ22 ዓመት በላይ ያስነዳ ነበር። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ያገለገለው መጀመሪያ ከወጣበት ግማሽ ገደማ ነው የሚሸጠው። አዲሱን ገዢ የሚያግዘው የ7,500 ዶላር የፌዴራል የታክስ ቅናሽም በሴፕቴምበር 30፣ 2025 ቆሟል። አዲሱ ፐርፎርማንስ በ2025 ሲወጣ ከ57,490 ዶላር ነበር የሚነሳው። የባትሪውና የሞተሩ ዋስትና 8 ዓመት ወይም 120,000 ማይል ነው፣ ከመኪናው ጋር ወደ ሁለተኛው ገዢም ይተላለፋል። ሌላ ሰው ውድቀቱን ከፍሎልኝ እኔ ዋስትናውን ወረስኩ፣ ምን ጎደለኝ?

ሰርቪስ የሚባለው ነገር እዚህ አጭር ነው። የሞተር ዘይት የለም። የካቢን አየር ማጣሪያ በየሁለት ዓመቱ፣ የፍሬን ፈሳሹን በየጊዜው ማስፈተሽ፣ መንገድ ላይ ጨው በሚረጭበት አገር ካሊፐሩን (የፍሬን ሸራውን የሚጫነውን ክፍል) በዓመት አንዴ ማጽዳትና መቀባት። መኪናው በአብዛኛው የሚቆመው በሞተሩ ስለሆነ የፍሬን ሸራ ብዙ ዓመት ይቆያል።

"ወደ አዲስ አበባ ልላከው?" የሚሉኝም አሉ። ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለከለከለችና ተገጣጥሞ ለሚገባ ኤሌክትሪክ መኪና ቀረጡን 15 በመቶ ላይ ስላደረገችው ሐሳቡ ይገባኛል። ለሞተሩ ከፍታው ምንም አይለውም፤ እንዲያውም 2,300 ሜትር ላይ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ቀለበት መንገድ ላይ ትንሽ ይቀለዋል። ግን ቴስላ እዚያ የራሱ ሰርቪስ የለውም፣ ከተማውን የሞሉት የቻይና መኪኖች ሶኬታቸው ከአሜሪካው ቴስላ ይለያል፣ ይሄ ስስ ጎን ያለው ባለ21 ኢንች ጎማ ደግሞ የሠፈር ኮብልስቶንና ጉድጓድ ላይ... እስቲ አስቡት። ሎንግ ሬንጁ ቢሆን እንኳ አስቤበት ነበር፣ ይሄኛውን አይሆንም።

ኡበር ለምትሠሩ አጭር መልስ፦ አትግዙት። በዓመት 40,000 ማይል የሚነዳ ሰው በፋብሪካው ጎማ ቢያንስ ሁለት ዙር ይቀይራል፣ ከ3,000 ዶላር በላይ ነው፣ ተሳፋሪው ደግሞ በ3.5 ሰከንድ ስለተወነጨፈ ቲፕ አይጨምርም፣ ኮከብ ሊቀንስ ይችላል እንጂ። ሎንግ ሬንጅ በ19 ኢንች ጎማ፣ ቤት ቻርጅ ካለ፣ ለዚያ ሥራ ይሄ ይሻላል። ፐርፎርማንሱ የሚሆነው ቤቱ ሶኬት ላለው፣ በቀን መጠነኛ ለሚነዳ፣ ቤንዚን ጠጪ ፈጣን መኪና ሊገዛ ሲያስብ ለነበረ ሰው ነው። ለእሱ በእውነት ርካሽ ነው።

ያገለገለውን ልታዩ ስትሄዱ ባትሪው ላይ ብቻ አትፍጠጡ፣ መሪውን አዙሩና ጎንበስ ብላችሁ ጎማውን እዩ፤ በተለይ የኋላዎቹን የውስጥ ጠርዝ፣ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ በኩል ቀድሞ የማለቅ ጠባይ አለው፣ ቨርጂኒያ ደግሞ በዓመቱ ኢንስፔክሽን ላይ በዚያ ይጥላችኋል። ካለቀ 1,500 ዶላር ቀንስ በሉት። አልቀንስም ካለ ገበያው ላይ ሌላ ሞልቷል።